ከምክር ቤት መቀመጫ እስከ ፊርማ ጠረጴዛ፦ የሴቶች ውክልና በክልል አመራር ከእንጅባራ ሲታይ



ስለ ሴቶች የሥልጣን ተሳትፎ በተነሳ ቁጥር ቀድሞ የሚጠቀሰው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። በ2013 በተመረጠው ምክር ቤት ከ100 መቀመጫ ከ40 በላይ የሚሆነው በሴቶች ተይዟል። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ ከብዙ አገሮችም የተሻለ ነው። ይሁን እንጂ እንጅባራ ወይም ዳንግላ የምትኖር አንዲት እናት የውሃ፣ የጤና ጣቢያ ወይም የመሬት ጉዳይ ይዛ ስትንቀሳቀስ የሚያጋጥማት የፌዴራሉ ምክር ቤት አይደለም። የምታንኳኳው የቀበሌ፣ የወረዳ፣ የዞንና የክልል ቢሮ በር ነው። ከዚያ በር ጀርባ የሚወስነው ማን ነው? ወደዚያ ወንበርስ እንዴት ይደረሳል? እኛ ሙስሊሞችስ፣ በተለይ እህቶቻችን፣ የት ነን? በዚህ ጽሑፍ የምናብራራው ይህንን ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

የምናስተላልፈው ዋና ሐሳብ አንድ ነው፤ በምክር ቤት መቀመጥና በአስፈጻሚው ወንበር መቀመጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው በቁጥር ጨምሯል። ሁለተኛው ገና ነው። ሁለቱን ካልለየናቸው በቁጥሩ ተደስተን ጉዳዩን እንዘጋዋለን።

ሥልጣን በአካባቢያችን እንዴት ተዋቅሯል?

በ1994 ተሻሽሎ የወጣው የአማራ ክልል ሕገ መንግሥት በክልሉ ውስጥ ለሦስት ሕዝቦች የብሔረሰብ አስተዳደር አቋቁሟል፤ ለአዊ፣ ለኽምራና ለኦሮሞ። ስለዚህ እንጅባራ እንደ ሌሎች የዞን ከተሞች የአስተዳደር ማዕከል ብቻ ሳትሆን የራሱ ምክር ቤት ያለው የብሔረሰብ አስተዳደር መቀመጫ ናት። ምክር ቤቱ በቋንቋ፣ በባህል፣ በአካባቢው ዕቅድና በጀት ላይ የመወሰን ሥልጣን አለው። የአስተዳደሩ አስፈጻሚ አካልም በዚሁ ምክር ቤት በኩል ይሰየማል። ከሥሩ ዳንግላ፣ ቻግኒ፣ አዲስ ቅዳም፣ ቲሊሊና ሌሎች ከተሞችን ያቀፉ ወረዳዎችና የከተማ አስተዳደሮች አሉ። ከእነሱ ሥር ደግሞ ቀበሌዎች።

ከላይ ባሕር ዳር የክልሉ ምክር ቤት አለ። አብላጫ መቀመጫ ያገኘው ፓርቲ ከምክር ቤቱ አባላት መካከል ርዕሰ መስተዳድር የሚሆነውን ዕጩ ያቀርባል፤ ምክር ቤቱ ይመርጣል። የተመረጠው ርዕሰ መስተዳድር ደግሞ የካቢኔ አባላቱን፣ ማለትም የቢሮ ኃላፊዎቹን፣ ለምክር ቤቱ አቅርቦ ያስጸድቃል።

ከዚህ አሠራር አንድ ነገር እንረዳለን። ሕዝቡ በቀጥታ የሚመርጠው የምክር ቤት አባሉን ነው። ርዕሰ መስተዳድሩንም ሆነ የቢሮ ኃላፊውን በቀጥታ አይመርጥም። እነዚህ ሰዎች የሚለዩት በፓርቲው ውስጥ በሚደረግ ምልመላ ነው። እንግዲህ አንዲት ሴት ወደ ምክር ቤት ለመግባት የመራጩን ድምፅ ትፈልጋለች፤ ወደ ካቢኔ ለመግባት ግን ከዚያ በፊት የፓርቲው ሰዎች ሊያውቋትና ሊያምኑባት ይገባል። ሁለተኛው በር ከመጀመሪያው ይጠብባል። የሚከፈተውም በዕውቂያ፣ በረጅም ጊዜ የሥራ ልምድና በስብሰባ ተሳትፎ ነው።

ቁጥሩ ከየት ተነስቶ የት ደረሰ?

ኢትዮጵያ ውስጥ ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ፓርላማ የገባችው በ1950 ነው፤ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት መሠረት በተካሄደው ምርጫ ተመርጠው የእንደራሴዎች ምክር ቤት አባል ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ለረጅም ጊዜ ለውጡ አዝጋሚ ነበር። በ1992 ምርጫ ከ547 መቀመጫ ሴቶች ያገኙት 42 ብቻ ነበር። በ1997 ቁጥሩ ወደ 117፣ በ2002 ወደ 152፣ በ2007 ወደ 212 አደገ።

ይህ ዕድገት በአጋጣሚ አልመጣም። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ሴቶች ከወንዶች እኩል መብት እንዳላቸው ብቻ ተናግሮ አላበቃም። ካለፈው የበታችነት ታሪክ የተነሳ የድጋፍ እርምጃ ተጠቃሚ እንዲሆኑም ይደነግጋል። ነገር ግን ከምክር ቤት መቀመጫ ይህን ያህሉ ለሴት ይሁን የሚል አስገዳጅ ድርሻ ሕገ መንግሥቱ አላስቀመጠም። ቁጥሩን ያሳደገው በወቅቱ ገዥ የነበረው ፓርቲ ከ1997ቱ ምርጫ በፊት ከዕጩዎቹ 30 ከመቶው ሴቶች እንዲሆኑ በራሱ መወሰኑ ነው። በ2011 የወጣው የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162 ደግሞ ሴት ዕጩዎችን ለሚያቀርቡ ፓርቲዎች ከመንግሥት የገንዘብ ድጋፍ ማበረታቻ አስቀምጧል። ሩዋንዳ በ1995 ባወጣችው ሕገ መንግሥት ቢያንስ 30 ከመቶ የሚለውን ድርሻ በሕግ ስላሰረችው ዛሬ ምክር ቤቷ ውስጥ ሴቶች ከ60 ከመቶ በላይ ናቸው። እኛ አገር ጉዳዩ በፓርቲ ፈቃድ ላይ የቆመ ነው።

በፈቃድ ላይ የቆመ ነገር ምን ያህል እንደሚጸና የሚያሳየው የፌዴራሉ ካቢኔ ነው። ጥቅምት 6 ቀን 2011 በተሾመው ካቢኔ ከ20 ሚኒስትሮች 10ሩ ሴቶች ነበሩ። ዓለም ሁሉ ዘገበው። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ወይዘሮ ሣህለወርቅ ዘውዴ ርዕሰ ብሔር ሆኑ፤ በዚያው ወር መጨረሻ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ተባሉ። ሦስት ዓመት ቆይቶ በ2014 መጀመሪያ አዲስ ካቢኔ ሲዋቀር ከ22 ሚኒስትሮች ሴቶቹ 8 ሆኑ። ስምንት ትንሽ ቁጥር አይደለም። ሆኖም ግማሽ የነበረው ወደ ሲሶ ሲወርድ የተጣሰ ሕግ አልነበረም፤ መጀመሪያውኑም ያስገደደ ሕግ አልነበረምና።

በክልል ደረጃ ሲወረድ ክፍተቱ ይበልጥ ይታያል። አማራ ክልል ከተመሠረተ ጀምሮ በርዕሰ መስተዳድርነት የመሩት ሁሉ ወንዶች ናቸው። በሌላ በኩል የክልሉን ምክር ቤት በአፈ ጉባኤነት ሴቶች መርተዋል፤ ወይዘሮ ወርቅሰሙ ማሞና ከእሳቸው በኋላ ወይዘሮ ፋንቱ ተስፋዬ ይጠቀሳሉ። ቀደም ሲል ያልነው ልዩነት እዚህ በግልጽ ይታያል። አፈ ጉባኤዋ ጉባኤውን ትመራለች፤ የቢሮዎቹን የዕለት ተዕለት ሥራ የሚመራው ግን ርዕሰ መስተዳድሩና ካቢኔው ነው።

አይቻልም እንዳንል ምሳሌዎች አሉ። አዲስ አበባ ከ2014 መጀመሪያ ጀምሮ በወይዘሮ አዳነች አቤቤ ከንቲባነት ትመራለች። ጋምቤላ ክልል በነሐሴ 2016 ወይዘሮ አለሚቱ ኡሞድን ርዕሰ መስተዳድር አድርጎ ሾሟል። ጋምቤላ የቻለውን ሌላው ክልል የማይችልበት ምክንያት የለም።

ሙስሊም እህቶቻችን የት ናቸው?

በፌዴራል ደረጃ ሙስሊም ሴቶች ከፍ ያለ ቦታ ደርሰዋል። ወይዘሮ ሙፈሪያት ካሚል በ2010 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የመጀመሪያዋ ሴት አፈ ጉባኤ ሆኑ፤ በ2011 የሰላም ሚኒስትር፣ በ2014 የሥራና ክህሎት ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። የአፋሯ ተወላጅ ኢንጂነር አይሻ መሐመድ በጥቅምት 2011 የአገሪቱ የመጀመሪያዋ ሴት መከላከያ ሚኒስትር ነበሩ፤ በሌሎች ሚኒስቴሮች ሠርተው በ2016 ወደዚያው ኃላፊነት ተመልሰዋል። ወይዘሮ ኬሪያ ኢብራሂም ደግሞ የፌዴሬሽን ምክር ቤትን በአፈ ጉባኤነት መርተዋል።

በአሁኑ አማራ ክልል ውስጥም ታሪኩ አዲስ አይደለም። ወሎ ወረ ሂማኖን ያስተዳደረችው ወርቂት ሙስሊም ገዥ ነበረች። በ1857 ወጣቱ ምኒልክ ከመቅደላ ሲያመልጥ ያስጠጋችው እሷ ናት። አፄ ቴዎድሮስ በዚህ ተቆጥተው በእጃቸው በእስር የነበረውን ልጇን አስገደሉት። ለፖለቲካ ውሳኔዋ እንዲህ ያለ ዋጋ የከፈለች ገዥ ነበረች። ከእሷ ጋር በወሎ ሥልጣን ስትፎካከር የነበረችው መስተዋትም ሴት ነበረች። ስለዚህ «ሙስሊም ሴት በዚህ አገር መርታ አታውቅም» የሚል ሰው ወሎን አላነበበም ማለት ነው።

ታዲያ እንጅባራ ላይ ስንመጣ ለምን ይጠብባል? በ1999 የሕዝብ ቆጠራ በአማራ ክልል ሙስሊሙ 17 ከመቶ ገደማ ነው። አዊ ውስጥ ቁጥራችን ከዚህ በጣም ያንሳል። በዳንግላም ሆነ በእንጅባራ ሙስሊሙ በአብዛኛው በንግድ የተሰማራ ነው፤ የመንግሥት ሥራ ውስጥ ያለው ጥቂት ነው። ፓርቲና መንግሥት ደግሞ ኃላፊ የሚመለምሉት በአብዛኛው ከመምህራን፣ ከጤና ባለሙያዎች፣ ከግብርናና ከጽሕፈት ቤት ሠራተኞች መካከል ነው። መንገዱ የሚጀምረው ከትምህርት ቤትና ከመንግሥት ሥራ ከሆነ፣ እዚያ የሌለ ሰው ምልመላው ላይም አይኖርም።

በመምህርነት በቆየንባቸው ዓመታት ያስተዋልነው ነገር ይህንኑ ያጠናክርልናል። ታች ክፍሎች ላይ ሴት ልጆቻችን ከወንዶቹ እኩል፣ አንዳንዴም በልጠው ይመልሳሉ። ክፍሉ ከፍ ሲል አንዷ ለጋብቻ፣ አንዷ ለሱቅ፣ አንዷ ታናናሾቿን ለመጠበቅ ትቀራለች። የቀሩት ደግሞ ሌላ ፈተና አለባቸው። በ2017 በአክሱም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሂጃብ ምክንያት ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ የተስተጓጎሉበትና እስከ ፍርድ ቤት የደረሰው ጉዳይ ለሁላችንም ትዝ ይለናል። አንዲት ልጅ የ12ኛ ክፍል ፈተና ካመለጣት፣ ከ20 ዓመት በኋላ ልትይዘው ትችል የነበረው የቢሮ ኃላፊነትም አብሮ አምልጧታል።

ሸሪዓው ምን ይላል?

ይህ ጥያቄ በየመስጂዱ ይነሳልና ሳንነካው ማለፍ አይገባም። የምናቀርበው ፈትዋ አይደለም፤ የዑለማን ንግግር ማብራሪያ ብቻ ነው።

ልዩነቱ የሚነሳው አቡ በክራ (ረ.ዐ.) ካስተላለፉት፣ በቡኻሪ ከተዘገበው ሐዲስ ነው። ፋርሶች የኪስራን ልጅ እንዳነገሡ ዜናው ሲደርስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጉዳዩን ለሴት የሰጠ ሕዝብ እንደማይሳካለት የሚያመለክት ንግግር ተናገሩ። አብዛኞቹ የቀደሙት ፉቀሃዎች ከዚህ በመነሳት የሙስሊሞች ጠቅላላ መሪነት፣ «ኢማመቱል ዑዝማ» የሚባለው፣ ለሴት እንደማይሆን ወስነዋል። ከዚያ በታች ባለው ሥልጣን ግን ተለያይተዋል። በኢማም አቡ ሐኒፋ መዝሀብ ሴት ምስክርነቷ በሚያገለግልበት ጉዳይ ዳኛ መሆን ትችላለች። ከኢማም ኢብኑ ጀሪር አጥ-ጦበሪ ደግሞ በማንኛውም ጉዳይ ልትዳኝ እንደምትችል የሚገልጽ አቋም ተላልፏል። በዘመናችን እንደ ሸይኽ ዩሱፍ አል-ቀረዳዊ ያሉ ዓሊሞች ሴት በምክር ቤት ብትመረጥ እንደሚፈቀድ አብራርተዋል፤ የዛሬው ሥልጣን በሕግ የተገደበ፣ በምክር ቤት የሚጠየቅና ለጊዜው የተሰጠ ስለሆነ ከቀድሞው ኢማመት ይለያል የሚሉም ብዙ ናቸው።

ቁርአኑ ሱረቱ ነምል ላይ የሰበእን ንግሥት ያነሳል። አማካሪዎቿን ሰብስባ የጠየቀች፣ ጦርነት በሕዝብ ላይ የሚያመጣውን ውድመት ያመዛዘነች፣ በመጨረሻም ለእውነት እጇን የሰጠች መሪ አድርጎ። በሱረቱ ሙምተሒና ላይ ነቢዩ ከሴቶች በቀጥታ በይዓ እንዲቀበሉ ታዘዋል። በሱረቱ ተውባ 71ኛው አንቀጽ ደግሞ በበጎ ማዘዝና ከክፉ መከልከል የአማኝ ወንዶችና ሴቶች የጋራ ኃላፊነት ሆኖ ተቀምጧል።

የሑደይቢያን ቀን እናስታውስ። ሶሓቦች በስምምነቱ አዝነው ከኢሕራም ለመውጣት በዘገዩ ጊዜ መፍትሔውን ያመላከቱት ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) ናቸው፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ምክራቸውን ተቀብለው አደረጉት፤ ችግሩም ተፈታ። ኡሙ ሰለማ ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት መካከል ነበሩ፤ የእኛን አገር ውሃ የጠጡ እናት ናቸው።

አንድ ሌላ ነጥብ እንጨምር። አቡ ዘር (ረ.ዐ.) ሹመት ሲጠይቁ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሹመት አማና መሆኑንና እሳቸው ለዚያ ደካማ መሆናቸውን ነግረዋቸዋል። አቡ ዘር ወንድ ነበሩ፤ ታላቅ ሶሓባም ነበሩ። የተከለከሉት በብቃት ሚዛን ነው። ይህ ሚዛን ለሴቷም ይሠራል። ባንግላዴሽን ለረጅም ዓመታት የመሩት ሼኽ ሐሲና በ2016 መጨረሻ በተማሪዎች አመፅ ከሥልጣን ወርደው አገር ጥለው ወጥተዋል። ሴት መሆን ብቻውን ፍትሕን አያመጣም፤ ሴት መሆን ብቻውንም ከኃላፊነት አያስቀርም።

ውክልናው ለኛ ምን ይለውጣል?

አንድ ምሳሌ ከራሳችን ክልል እንውሰድ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በአማራ ክልል ለገበሬው የተሰጠው የመሬት ይዞታ ደብተር የባልና የሚስትን ስም አብሮ ይይዛል። ከዚያ በፊት መሬቱ በባል ስም ብቻ ሲታወቅ፣ የተፈታች ወይም ባሏ የሞተባት ሴት እርስቷን ለማስከበር የምታሳየው ወረቀት አልነበራትም። አንድ የአሠራር ውሳኔ በየጎጆው የሴቷን አቅም ለወጠ። እንዲህ ያለ ውሳኔ የሚነደፈው ቢሮ ውስጥ ነው፤ ቢሮው ውስጥ ችግሩን ኖራ የምታውቅ ሴት ብትኖር ጥያቄው ቀድሞ ይነሳል።

በሙስሊሙ በኩልም እንዲሁ። የመቃብር ቦታ፣ የመስጂድ ይዞታ፣ የሂጃብ ጉዳይ፣ የሴት ተማሪዎች የሶላት ሰዓት፣ ወለድ የሌለው ብድር ለሴት ነጋዴዎች፤ እነዚህ ሁሉ በዞንና በከተማ አስተዳደር ጠረጴዛ ላይ የሚያልፉ ናቸው። ዛሬ እነዚህን ጥያቄዎች የምናቀርበው ሽማግሌ ሰብስበን፣ ከውጭ ሆነን፣ በአቤቱታ ነው። ውስጥ ያለ ሰው በአንድ ማብራሪያ የሚጨርሰውን እኛ በአንድ ዓመት ምልልስ አንጨርሰውም። የእህቶቻችን ጉዳይ ደግሞ በሽማግሌዎቹ አፍ ሲቀርብ ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ያልደረሰበት ሰው ስለማያውቀው።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

አንደኛ፣ ልጆቻችን እንዲጨርሱ እናድርግ። በክልሉ የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት ነው። 12ኛ ክፍልን ሳትጨርስ የተዳረች ልጅ ተመልሳ የመማር ዕድሏ ጠባብ ነው። እንጅባራ ዛሬ የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ «ሩቅ አገር አልልካትም» የሚለው ምክንያት ለአካባቢያችን ልጆች ቀልሏል።

ሁለተኛ፣ የመንግሥት ሥራን እንደ ትንሽ ነገር አንይ። ሱቁ ይመግበናል፤ አልሐምዱሊላህ። ነገር ግን ከአንድ ቤት አንዷ ልጅ በመምህርነት፣ በጤና ወይም በሕግ ሙያ ብትሠራ ለመላው ጀመዓ በር ትከፍታለች።

ሦስተኛ፣ በመራጭነት እንመዝገብ፤ ሴቶቻችንንም እናስመዝግብ። የአካባቢ ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በ2005 ነው፤ በ2010 ሊካሄድ የነበረው ተራዝሟል። በ2005 አንደኛ ክፍል የገባች ልጅ አድጋ ለአካለ መጠን ደርሳለች፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ለቀበሌዋና ለወረዳዋ ምክር ቤት ድምፅ የመስጠት ዕድል አላገኘችም። ምርጫው ሲመጣ ዝግጁ ያልሆነ ማኅበረሰብ እንደገና በሌሎች ምርጫ ይተዳደራል።

አራተኛ፣ ከራሳችን ቤት እንጀምር። መጅሊሳችን በ2012 በአዋጅ ቁጥር 1207 ሕጋዊ ሰውነት አግኝቷል። ከመስጂድ ኮሚቴ እስከ ዞን መጅሊስ፣ ከመድረሳ እስከ ዕድር፣ ሴቶች ሒሳብ የሚይዙበት፣ ስብሰባ የሚመሩበትና የሚጠየቁበት ቦታ ካላገኙ፣ የመንግሥትን ስብሰባ የመምራት ልምድ ከየት ያመጣሉ? የስብሰባ ሰዓትም ይታሰብበት፤ ከመግሪብ በኋላ የሚጠራ ስብሰባ እናቶችን ሳይናገር ከበር ይመልሳል።

አምስተኛ፣ ኃላፊነት የያዘች እህት ስትኖር ብቻዋን አንተዋት። ስትሳሳት በክብር እንምከራት፤ ስትሠራ እንመስክርላት። ብዙዎቹ ወንበሩን የሚለቁት ሥራው ከብዷቸው ሳይሆን ከኋላቸው የሚወራው ስለሚከብዳቸው ነው።

የምክር ቤቱን ቁጥር ሌሎች ሊያሳድጉልን ይችላሉ፤ በአንድ የፓርቲ ውሳኔ አድጎም አይተነዋል። ወደ ፊርማው ጠረጴዛ የሚወስደው መንገድ ግን ዛሬ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ከተቀመጡት ሴት ልጆቻችን ይጀምራል። አላህ ለአማና የሚበቁ፣ ፍትሕን የሚያስቀድሙ መሪዎችን ከወንዱም ከሴቱም ያብዛልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።